ከባለቤቴ የተረከብኩት ኦርኬስትራ

ባለቤቴ ያረፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ የኦርኬስትራው ልምምድ ነበረ። ከቀብር ተመልሼ ግቢያችን ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ሥር ተቀምጬ፣ ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናሽ» ሲለኝ፣ ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነበር። «ሐሙስ ተማሪዎቹ ለልምምድ መጥተው ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ማን ይነግራቸዋል?» እላለሁ ለራሴ። ልጆቹ እኮ ሰምተዋል፤ አስከሬኑን የተሸከሙትም እነሱ ነበሩ። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሐዘን ግን ሰው ያየውን ያስረሳዋል።

ጋምቤላ የገባነው መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ክልሉ ገና ክልል መባል በጀመረበት ጊዜ ነው። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ጠረጴዛ ሳይኖረው ኃላፊ የተሾመለትም ነበር። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ግማሹ ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲመካከር እኛ ገና መድረሳችን ነበር። እኔ አማርኛ፣ እሱ ስፖርትና ሙዚቃ እንድናስተምር ተመደብን። እናቱ «ልጄን ለወባ ልትሰጡት ነው?» ብላ አልቅሳ ነበር የሸኘችን። እሱ ደግሞ ስቆ «ወባም እኮ ሰው ይለምዳል» አላት።

ኦርኬስትራው የተጀመረው ከአንድ መጋዘን ነው። ዳይሬክተራችን እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴን ጠርቶ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን መጋዘን ከፈተለት። የቀድሞው መንግሥት ኪነት ቡድን ትቶት የሄደ ዕቃ፣ በሌሊት ወፍ ኩስ ተሸፍኖ ተከምሯል። ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ትልቅ ከበሮና አንድ ገመዱ የተበጠሰ ጊታር።

«ይሠራሉ?» አለው ዳይሬክተሩ።

«እስቲ ይታጠቡ» አለው ባለቤቴ።

ያን ሰሞን ቤታችን ጋራዥ መሰለ። ሳክስፎኑን ፈታትቶ አልጋችን ላይ ዘረጋው። ቀዳዳዎቹን የሚከድኑትን ቆዳዎች አይጥ በልቷቸው ስለነበር ከአሮጌ ጫማ እየቆረጠ፣ እየላገ፣ እያጣበቀ ተካቸው። ሲጨርስ ነፋው፤ እንደ ታመመች ፍየል ጮኸ። ጎረቤታችን ምን ነካችሁ ብላ መጣች። የሳቅነው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የሚለማመዱት መማሪያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ የቆርቆሮው ሙቀት ያፈናል። ትልቁ ማንጎ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ እሱ ራሱ ያሠራውን ክራር ይዘው፣ የአኙዋክ ልጆች ደግሞ ቶም የሚሉትን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ከቤታቸው ይዘው ይመጡ ነበር። «ኦርኬስትራ» የሚለውን ስም ያወጣው ዳይሬክተሩ ነው፤ ለክልሉ ሰዎች ሲነገር ክብደት እንዲኖረው። ልጆቹ ግን «ባንድ» ነበር የሚሉት።

ኖታ የሚያነብ ከእሱ በቀር አልነበረም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድርሻውን በአፉ እየዘፈነ ነው ያስተማረው። ለትራምፔቶቹ በአፍንጫው፣ ለከበሮው በደረቱ። ልጆቹ ሲያርፉ በኑዌር፣ በአኙዋክ፣ በአማርኛ ይንጫጫሉ፤ ሲጀምሩ ግን እሱ የሚያሰማቸውን ያንን ትርጉም የሌለው «ራም-ታ-ታ» ሁሉም እኩል ይሰሙታል።

ከሁሉም የቀረቡት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ሳክስፎን የሚነፋው ነው። በዚያን ጊዜ ጦርነቱና ስደቱ ከትምህርት አዘግይቷቸው በትልቅነታቸው የሚማሩ ብዙ ነበሩ፤ እሱም አሥረኛ ክፍል ተቀምጦ የሦስት ልጆች አባት ነበር። በዕድሜ ከባለቤቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሁለተኛዋ አኮርዲዮን የምትጫወተው ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ያደገች ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይናፋር፣ አኮርዲዮኑን ስታቅፈው አገጯ ብቻ የሚታይ።

የክልሉ መስተዳድር በዓል ሊያከብር ስለነበር ትምህርት ቤቱ ሙዚቃ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ባለቤቴ ለዚያ ብሎ አንድ ዜማ ሠራ። በቶም ይጀምራል፤ ከዚያ ክራሮቹ ይገባሉ፤ ከዚያ አኮርዲዮኑ። መሐል ላይ ሁሉም ዝም ሲሉ ሳክስፎኑ ብቻውን ይሄዳል። እሱን ዜማ እየሠራ የባሮን ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት እኔ ነኝ የማውቀው። እግሩን ሲታጠብ ያንጎራጉረዋል። ጎመን ስቀነጥስ አጠገቤ ተቀምጦ ያንጎራጉረዋል። «ዛሬስ ተወኝ!» እለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ ሳለ በረደው። በጋምቤላ ሙቀት ሰው በረደኝ ካለ ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወባ ናት። ሁላችንንም ይዛን ታውቃለች፣ ሁላችንም ኪኒን ውጠን ድነናል። እሱም ኪኒኑን ዋጠ። እሑድ ተሻለውና ሾርባ ጠጣ። ሰኞ ጠዋት ግን ሳናግረው የሚመልስልኝ ሌላ ነገር ሆነ። «አንድ፣ ሁለት፣ አሁን ግቡ» ይላል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረስነው። ወባዋ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታለች አሉኝ። ግሉኮስ ተሰቀለለት። ነርሷ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች «እህቴ፣ ጸልዪ» ስትለኝ ገባኝ።

ቤተሰቦቹ አገሩ ላይ እንዲቀበር ይፈልጉ ነበር። አውሮፕላን በዚያ ቀን አልነበረም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሙቀቱ አስከሬን አያሳድርም። ከሰዓት በኋላ እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።

ልጆቹ መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሊጫወቱለት አስበው ነው። ቄሱ ወደ በሩ ወጥተው «ልጆቼ፣ ሥርዓታችን አይፈቅድም፤ መሣሪያው እዚህ ይቆይና እናንተ ግቡ» አሏቸው። አብዛኞቹ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ እዚያ ግቢ ገብተው አያውቁም። ተያዩ። ከዚያ ግማሾቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ቃሬዛውን ያዙ፤ ግማሾቹ መሣሪያውን እየጠበቁ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። እየወጡና እየገቡ ተቀያየሩ መሰለኝ፤ ሁሉም እንዲሸከሙት። ከወንዙ ዳር ሰፈር የመጡ የተማሪዎቹ እናቶች በራሳቸው ቋንቋ ያለቅሱ ነበር። አንድም ቃል አልገባኝም። እንደዚያ ቀን ግን ሰው ከልቡ ሲያለቅስልኝ ሰምቼ አላውቅም።

ወንድሜ ከደጋ በአውቶቡስ ደረሰ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የማይጠየቀውን ሳይጠይቅ ጥቂት ቀን ታገሠና፣ ሸራው የተነሣ ዕለት አጠገቤ ተቀመጠ።

«በይ ተነሺ፣ ዕቃሽን እናስር» አለኝ።

«የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ?»

«ምን ዓመት አለሽ አሁን? እናታችን በር በሩን እያየች ነው። ለማን ብለሽ ነው እዚህ የምትቀመጪው?»

ለማን ብዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ልብሱን ማጣጠፍ ጀመርኩ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ባለ ሳክስፎኑና ባለ አኮርዲዮኗ በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ማንጎ በፌስታል ይዛለች። ገብተው ተቀመጡ። ወንድሜ ውኃ ሰጣቸው።

ሰውየው የውኃውን ብርጭቆ መሬት ላይ አኖረ። «ቲቸር፣ ሐሙስ ልምምድ አለ?»

«ማን ያለማምዳችኋል?» አልኩት።

«አንተ።»

የእናቱ ቋንቋ ለሴትና ለወንድ የተለያየ አጠራር ስለሌለው አማርኛ ሲናገር ሁሉንም ሰው በወንድ ነበር የሚጠራው። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አርመዋለሁ። ያን ቀን አላረምኩትም።

«እኔ እኮ ሙዚቃ አላውቅም። ክራር እንኳ ይዤ አላውቅም።»

ልጅቷ ቀና ሳትል ተናገረች። «ቲቸር፣ እኛ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናውቃለን። አንድ ላይ ሲሆን ግን አይሄድም። ሐሙስ ብቻችንን ሞከርን። ተጣላን። ሙሉውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

«እኔም አላውቀውም።»

«እሱ ‹ይሄ ዜማ ባለቤቴን ሰለቻት› ይለን ነበር» አለ ሰውየው። «የሰለቸው ሰው ያውቃል።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እነሱ ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር። ሰውየው ግራ ገብቶት ብድግ አለ፤ «ቲቸር፣ አንተ አታልቅስ፣ አታልቅስ» እያለ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በነጋታው ብቻውን ተሳፈረ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ማንጎው ሥር ስቆም እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እሱ የሚመራበትን ዱላ አልያዝኩም፤ መያዝ አልቻልኩም። «ጀምሩ» አልኳቸው ብቻ። ቶሞቹ ጀመሩ፣ ክራሮቹ ገቡ፣ ትንሽ ሄደና ፈረሰ። ትራምፔቶቹ ቀድመው ገብተዋል። ሁሉም እኔን አዩኝ። ትክክሉ የቱ እንደሆነ ልነግራቸው አልችልም ነበር፤ ስሕተቱን ግን ጆሮዬ አወቀው። «እዚያ ጋ አይደለም» አልኩ። «ትንሽ ቆይታችሁ ነው። አኮርዲዮኑ ከተነፈሰ በኋላ።» ደገሙት። አሁንም አይደለም። ደገሙት። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ድንገት ልክ ሆነ፤ ልክ እሱ እግሩን ሲታጠብ እንደነበረው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ የታመምኩ መስሏቸው አቆሙ።

«ቀጥሉ» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ።»

ከዚያ ወዲያ ሳምንቴ ሐሙስን መጠበቅ ሆነ። ቤት ስገባ ባዶ ነው፤ ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ። ማንጎው ሥር ግን ዜማው እስካለ ድረስ እሱ ዘግየት ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ሆን ብዬ ያለ ስሕተት የተጫወቱትን አስደግማቸዋለሁ። ልጆቹ ያውቁብኝ ነበር መሰለኝ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ክረምቱ ሲቃረብ ኦርኬስትራው መሳሳት ጀመረ። ክልሉ ሰው ያስፈልገው ነበር። የአገሩን ቋንቋ የሚችል፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ስለማይገኝ፣ አሥረኛም አሥራ አንደኛም ክፍል የደረሱትን ለየወረዳው ይመለምሉ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ትራምፔት ፖሊስ ሆነ። ከዚያ አንድ ባለ ክራር የጤና ረዳት ሊሠለጥን ሄደ። አንድ ቀን ባለ ሳክስፎኑ ከሌሎቹ ቀድሞ መጥቶ ዛፉ ሥር ሲጠብቀኝ ሳይነግረኝ ገባኝ።

«የት?» አልኩት።

«ኢታንግ። አስተዳደር ውስጥ።»

«መቼ?»

«ነገ መኪና አለ።» ሳክስፎኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል። «ቲቸር፣ ሦስት ልጆች አሉ። ደመወዝ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለልጆቹ፣ ለሚስቱ፣ ለአገሩም ደግ ነገር ነው። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት፤ ድምፄ ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

«ለበዓሉ እመጣለሁ» አለኝ። «እምላለሁ። የእኔን ቦታ ለማንም አትስጥ።»

አልሰጠሁም። ለነገሩ የሚችለውም አልነበረም።

የበዓሉ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። በነጋታው ሰማዩ ጠርቶ ሙቀቱ ከመሬት ይተን ነበር። ዳሱ የተተከለው ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጥግ ላይ ተደረደሩ፤ እኔ ከነማቄ ፊታቸው ቆምኩ። የኢታንግ መንገድ በሚመጣበት በኩል ደጋግሜ አያለሁ። ንግግሩ በየቋንቋው ተደርጎ እስኪያልቅ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ከዝግጅቱ ኃላፊዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ ሰዓት ሄዷል። አንድ ብቻ አድርጉት፣ አጠር ያለ።»

«አንድ ነው ያለን» አልኩት።

ቶሞቹ ሲጀምሩ ድምፃቸው ሜዳው ላይ ጠፋ፤ የፊት ረድፍ ላይ ያሉት እንኳ የሰሙ አይመስለኝም። ክራሮቹ ሲገቡ ሰው ዞር ዞር አለ። ትራምፔቱ ብቻውን ቢሆንም ቦታው ላይ ገባ። ከዚያ ያ የመሐሉ ዝምታ መጣ። መንገዱን አየሁ፤ ማንም የለም። ዝምታው ረዘመ። አንድ ሰው ያለቀ መስሎት ማጨብጨብ ጀምሮ ተወ። እጄ ወደ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጅቷን አየኋት። አኮርዲዮኑን ከፍታ የሳክስፎኑን ዜማ በቀስታ፣ ድርሻዋ ያልሆነውን፣ ጫፉን እየሳተችም ቢሆን ተጫወተችው። አልነገርኳትም፤ አላለማመድኳትም። ስትጨርስ ሌሎቹ ተቀበሏት።

አጨበጨቡ። ለስላሳ እየጠጡ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ያጨበጨቡም ነበሩ። እኔ ግን ዘወር ብዬ «እንዴት ነበር?» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከጎኔ የቆመው የከበሮው ልጅ ነው። «ጥሩ ነበር ቲቸር» አለኝ፣ ለእሱ ያልኩት መስሎት። ባለቤቴ መሞቱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀብሩ ላይ አልነበረም፤ ባዶው ቤት ውስጥም አልነበረም።

ባለ ሳክስፎኑ በማግስቱ ደረሰ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ትቶት በእግር መጥቶ ነው። ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ተጫወታችሁ?»

«ተጫወትን።»

«የእኔን ማን?»

«አኮርዲዮኗ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ልጅ ነው» አለ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ጀመረ። «ቲቸር ሞተ። እኔ ሄድኩ። አሁን አንተ ብቻ ቀረህ» አለኝ። ምግብ አቀረብኩለት፤ በላ። ወደ ኢታንግ ሲመለስ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው ያየሁት፤ ሥራ በዝቶበት፣ ፊቱ ደክሞት፣ ሰላም ብሎኝ በችኮላ የሚያልፍ ሹም ሆኖ።

በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያዎቹን የክልሉ ባህል ቢሮ ለራሱ ቡድን ወሰዳቸው። አልከፋኝም ማለት አልችልም፤ የሚጫወትባቸው ሰው ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ሲጫኑ አብሮኝ ቆሞ ነበር። ጭነው ሲጨርሱ «ይቅርታ» አለኝ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። እሱ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደ ሌላው ቀን ወደ ቤቴ መግባት ጀመርኩ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። አውቶቡስ ተራ የሸኘችኝ ባለ አኮርዲዮኗ ነበረች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የመጀመሪያ ደረጃ ልታስተምር ሥልጠና ጨርሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ መቃብሩን ተሰናብቼ ስመጣ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሙዚቃም ታስተምሪያለሽ?» አልኳት።

«መሣሪያ የለም ቲቸር።» ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። «በአፍ ግን ይቻላል።»

አውቶቡሱ ሜዳውን ጨርሶ ዳገቱን ሲይዝ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቡሬ ስንቃረብ ጉም ነበር። ለዓመታት ሹራብ የሚባል ነገር ስላልለበስኩ ምንም አልያዝኩም፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን ከፈት አድርገው ግማሹን አለበሱኝ።

«ከቆላ ነው የምትመጪው ልጄ?»

«ከጋምቤላ።»

«ከማን ጋር ነበርሽ እዚያ?»

«ከባለቤቴ ጋር።»

«እና እሱስ?»

«እዚያው ቀረ» አልኳቸው።

«ይመጣላ» አሉኝ፣ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከሉ። «ሥራ ይዞት ነው እንጂ ይመጣል።»

ላርማቸው አልፈለግሁም። ጉሙን የማይ መስዬ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ እስከ ጎሬ ድረስ አለቀስኩ።